የገመድ አልባ ራውተር ፍተሻ በላንጋኖ ዳርቻ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በላንጋኖ ሐይቅ ዳርቻ ቤት ያለው ሰው ኢንተርኔት ሲዘገይበት መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራውተሩን ነው፤ ቀጥሎም ውድ ዋጋ ከፍሎ ሌላ ይገዛል። እኛ ግን ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ዕቃው ይፈተሽ እንላለን። ለፍተሻው ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ የኔትወርክ ገመድና ሰዓት ይበቃሉ።

መረጃ ወደ እኛ የሚደርሰው በሁለት መንገዶች ተቀባብሎ ነው። አንደኛው ከአገልግሎት ሰጪው እስከ ራውተሩ፣ ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ላፕቶፓችን ይዘልቃል። ሁለተኛውን ለይተን ለመመዘን አንዱን ኮምፒውተር በገመድ፣ ሌላውን ያለ ገመድ ከራውተሩ ጋር እናገናኝና የ100 ሜጋባይት ፋይል ከአንዱ ወደ ሌላው እንቅዳ። 1 ባይት 8 ቢት በመሆኑ የተላለፈው 800 ሜጋቢት ነው። ቅጂው 40 ሰከንድ ቢፈጅ ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሜጋቢት ይሆናል። የኢንተርኔት መስመራችን በሰከንድ 4 ሜጋቢት ብቻ የሚያደርስ ከሆነ፣ ራውተሩ አምስት እጥፍ መሸከም ይችላልና አዲስ መግዛቱ አንዳች አይጨምርልንም። (ሻጮች በቢት፣ ኮምፒውተራችን ግን ብዙ ጊዜ በባይት እንደሚናገሩ አንባቢ ልብ ይበል፤ ብዙ ጭቅጭቅ ከዚህ ይመነጫል።)

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ሌላ ነገር ነው። በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው ደረጃ 54 ሜጋቢት ይላል፤ ነገር ግን መሣሪያዎቹ ተራ ሲጠባበቁና «ደርሶኛል» ሲባባሉ ከግማሹ በላይ ይባክናል። ስለዚህ የዚህ ዓይነት አሮጌ ራውተር 20 ቢያሳይ ጤነኛ ነው።

ቀጥሎ ላፕቶፑን ይዘን በቤቱ እንዘዋወር። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ከቆርቆሮ ጣሪያና ከግድግዳ የሚንጸባረቁ ሞገዶች ሲገናኙ አንዱ ቦታ ላይ ይደጋገፋሉ፣ ሌላው ቦታ ላይ ይጣፋሉ፤ በመሆኑም ላፕቶፑን አንድ ጋት ያህል ማንቀሳቀስ ብቻ ንባቡን ይለውጠዋል። በየክፍሉ አምስት ጊዜ ለክተን መካከለኛውን እንያዝ። ንባቡ ከ-50 ወደ -80 ዲቢኤም ከወረደ የሚደርሰን ኃይል አንድ ሺህ ጊዜ አንሷል ማለት ነው።

ሞገዱን ክፉኛ የሚያግደው ብረትና ውሃ ነው። ቆርቆሮ አብዛኛውን ይመልሰዋል፤ እርጥብ የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ይውጠዋል። የላንጋኖን ውሃ ቡናማ ያደረገው ደቃቅ ዝቃጭ ለብርሃን እንቅፋት ቢሆንም ለዚህ ረጅም ሞገድ ከቁም ነገር አይገባም፤ ውሃው ራሱ ግን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ያዳክመዋል። ራውተሩን ከቡፌው ላይ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ መሸጎጥ የተለመደ ነው፤ ከዚያ አውጥቶ ከፍ ካለ ገላጣ ቦታ ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ከግዢ ያድናል። ባለ 5 ጊጋኸርዝ ራውተር ፈጣን ቢሆንም ግድግዳን በማለፍ ደካማ ነውና ለራቀ ክፍል አንመርጠውም።

ግቢው ሰፍቶ ሰርቪስ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ከሆነስ? ሞገዱን ተቀብሎ በዚያው ሞገድ የሚያስተላልፈው ማጠናከሪያ እያንዳንዱን መረጃ ሁለት ጊዜ ስለሚልክ 20ው ወደ 10 ይወርዳል። ከዚያ ይልቅ የኔትወርክ ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ቀብሮ በጫፉ ሁለተኛ አሰራጭ መትከል ይሻላል፤ ርዝመቱ ግን ከ100 ሜትር እንዳይበልጥ።