የዋግ ኽምራን ዳገት የሚወጣ፣ ቁልቁለቱንም የሚችል ያገለገለ መኪና

ረመዷን ሲገባ የቤተሰብ ሒሳብም አብሮ ይነሣል። ዘካው ይሰላል፣ የዕቁቡ ገንዘብ ይቆጠራል፣ ከኢፍጣር በኋላ ወንድምና እህት ተሰብስቦ ስለ መጪው ዓመት ይመክራል። ምክሩ «ዕቃ የሚጭን፣ ሲያስፈልግም ተሳቢ የሚጎትት አንድ ያገለገለ መኪና በጋራ ገዝተን ለኢድ እናድርሰው» ወደሚል ሲያዘነብል፣ ከዋጋው በፊት ሊነሡ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። መኪናው የሚሠራው በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ተራሮች ላይ ከሆነ ደግሞ ጥያቄዎቹ ይበረክታሉ። በዛሬው ዓምዳችን እነዚህን እናነሣለን።

ከቅፍለት እስከ ተሳቢ

በአውሮፓ ቤተሰቦች ለዕረፍት ሲወጡ ጎማ ያለው ትንሽ ቤት በመኪናቸው ይጎትታሉ፤ «ካራቫን» ይሉታል። ቃሉ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ሲሆን የጥንት ትርጉሙ ተሰብስቦ የሚጓዝ የነጋዴ ጓዝ ነው፤ እኛ ቅፍለት የምንለው። ሰቆጣ ደግሞ ቅፍለትን በደንብ የምታውቅ ከተማ ናት። ከአፋር ዝቅተኛ ስፍራ የሚቆረጠው አሞሌ ጨው በግመል ወደ ደጋው ጫፍ፣ ከዚያም በበቅሎና በአህያ ዳገቱን ወጥቶ ሰቆጣ ገበያ ይደርስ ነበር። ከሰቆጣም ወደ መሐል አገር ይሄዳል። በሰሜን ኢትዮጵያ የሩቅ ንግድ ውስጥ ሙስሊም ነጋዴዎች ከፍተኛ ድርሻ እንደነበራቸው የታሪክ መዛግብት ይናገራሉ።

በቅሎ የሚገዛ ብልህ ሰው ኮርቻው ሳይወርድ ዋጋ አይቆርጥም። ጀርባዋ ቆስሎ እንደሆነ፣ ሰኮናዋ ተሰንጥቆ እንደሆነ፣ ጥርሷ ስንት ዓመት እንደሚናገር ያያል። ያገለገለ መኪናም የሚፈልገው ይህንኑ ዓይን ነው። «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» ይባላል። ስለ ፍሬኑ ተጠይቆ ስለ አዲሱ ቀለም የሚመልስ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ መልስ ያላገኘው ጥያቄ ላይ ቆማችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።

ዳገቱ ምን ይጠይቃል?

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ከወልድያና ከቆቦ በኩል በአላማጣ ለሚመጣ ሰው ደግሞ ግራካሱን ወጥቶ ኮረም እስኪደርስ ድረስ ብቻ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ መውጣት አለበት። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። በሰቆጣ ከፍታ ሲደርስ አንድ አምስተኛው ጉልበት ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ ቆላ ላይ፣ በሜዳ መንገድ፣ ባዶውን ተነድቶ «ጉልበታም ነው» የተባለ መኪና ጭኖ ሲወጣ ሌላ መኪና ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሥራ ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር ይመረጣል። ቱርቦው የሳሳውን አየር አምቆ ያስገባል፤ የናፍጣ ሞተርም ብዙ ሳይጮህ በዝቅተኛ ዙር ይጎትታል። ቱርቦው ሲሠራ ከመጠን በላይ የሚያፏጭ ወይም ዘይት የሚያንጠባጥብ እንዳይሆን ግን መካኒክ ይየው።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። በ2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውኃ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። የላላ የራዲያተር ክዳን ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚያበላሸው ሞተር ግን የዕቁቡን ገንዘብ ሁሉ ይበላል።

ቁልቁለቱ ይበልጣል

ገዢ ሁሉ የሚጠይቀው «ይጎትታል ወይ?» ብሎ ነው። እኛ ደግሞ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ይቆማል ወይ?» የሚለው ነው እንላለን። ዳገት ያቃተው መኪና መንገድ ዳር ይቆማል፤ ቁልቁለት ያቃተው ግን አይቆምም። ከኋላው ተሳቢ ሲኖር ተሳቢው ራሱ መኪናውን ወደ ገደል ይገፋዋል።

ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ ያለ ዕረፍት ሲረገጥ ይግላል። የፍሬን ዘይትም ከጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም። በመሆኑም መኪናው በተገዛ በመጀመሪያው ቀን የፍሬን ዘይቱን ማስለወጥ ትርፍ ወጪ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ረግጣችሁ ያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ የሚያፈስ ነገር አለ። ዳገት ላይ አቁማችሁም የእጅ ፍሬኑን ብቻውን ሞክሩት። ከዚያ ለቁልቁለት በሚሆን ከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ማርሹ ካመለጠ ወይም ሞተሩ መኪናውን መያዝ ካልቻለ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ለዚህ አገር አይሆንም።

በብዙ አገሮች የራሱ ፍሬን የሌለው ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ እንዳይበልጥ ይከለከላል። ይህ ቁጥር ለሜዳ አገር የወጣ መሆኑን እያሰብን፣ ለዋግ ተራሮች ከዚያም ዝቅ ብንል ይሻላል። መጎተቻው ጋንቾ ደግሞ ከሻንሲው ጋር በብሎን የታሠረ መሆን አለበት። ባምፐር ላይ የተበየደ ጋንቾ ለጉተታ አይሆንም። በተሳቢው ላይ ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ ተሳቢው እየተወዛወዘ መኪናውን ይዞ ይሄዳል፤ ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ያህሉ ጋንቾው ላይ እንዲያርፍ ተደርጎ ይጫን።

ስንት ኩንታል?

መኪናው ከመመረጡ በፊት ጭነቱ ይቆጠር። 15 ኩንታል እህል 1,500 ኪሎ ነው። ይህ ለአንድ ፒካፕ ብዙ ነው፤ ዘወትር የምትጭኑት ይህን ያህል ከሆነ ፒካፕ ከነተሳቢው ከመግዛት አነስተኛ የጭነት መኪና መግዛት ይበጃል። ጭነቱ አልፎ አልፎ ብቻ ከሆነና ቤተሰብም የሚጓዝበት ከሆነ ግን በአራቱም ጎማ የሚነዳ ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ ይስማማል። ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘርና ኢሱዙ በአገራችን ተፈላጊ የሆኑበት አንዱ ምክንያት መለዋወጫቸው መገኘቱና መካኒኩ የሚያውቃቸው መሆኑ ነው። ሰቆጣ ላይ ዕቃው የማይገኝለት መኪና ርካሽ አይደለም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናሳስባለን። ለኢድ ዘመድ ጥየቃ ሲወጣ ልጆችን በተሳቢ ወይም በጭነት ላይ ማሳፈር ይቅር። ተሳቢ ለዕቃ ነው።

ከፈጅር በኋላ ፈትሹት

ሞተር የሚፈተነው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ካቆየው የሚደብቀው ነገር ሊኖር ይችላል። በረመዷን ከፈጅር ሶላት በኋላ ያለው ሰዓት ለዚህ ይመቻል፤ ሞተሩ ቀዝቅዞ አድሯል፣ የገዢውም ጉልበት ገና አልደከመም። ከዐስር በኋላ በጾምና በጥድፊያ መኪና መግዛት ግን ሰውን ያሳስታል።

ሲነሣ የሚወጣውን ጭስ እዩ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እንደሚበላ፣ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ብዙውን ጊዜ ውኃ ወደ ሞተሩ እንደሚገባ፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ ነዳጁ በአግባቡ እንደማይቃጠል ይጠቁማል። የሞተር ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል። ባሌስትራው የተሰነጠቀ፣ ሻንሲው የተበየደ እንዳይሆን ከሥር ገብታችሁ ተመልከቱ። ጎማው ላይ አራት አኃዝ አለ፤ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያልተበላ ጎማም በዕድሜ ይደርቃል። ኪሎሜትር ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ፤ የተበላ ፔዳልና የላላ መሪ ከቆጣሪው ይልቅ እውነቱን ይናገራሉ።

ሰነዱና ገንዘቡ

በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ የተጣለው ኤክሳይስ ታክስ ከፍተኛ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክለዋል። በዚህ ምክንያት አገር ውስጥ ያለው መኪና ከእጅ ወደ እጅ መዞሩ ይቀጥላል፤ ሰነዱን በጥንቃቄ ማየትም የግድ ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር ይመሳከር። ከዕዳና ከዕገዳ ነፃ መሆኑ ከመዘገበው መሥሪያ ቤት ይረጋገጥ። ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ይታይ። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው አለመሻሩ ይጣራ።

ገንዘቡ ካልሞላ፣ ከወለድ ነፃ የሆነ መንገድ አለ። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክ በአገራችን ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ የመጀመሪያው ባንክ ነው፤ ሌሎች ባንኮችም በመስኮት ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ። በሙራባሃ ውል ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ በዱቤ ይሸጥላችኋል። ስለዚህ ፍተሻው ባንኩ ከመግዛቱ በፊት ማለቅ አለበት። ባንኩ ስለ መኪናው ዕድሜ ያለውን መስፈርትም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዐይቡን መናገር

ኢማም ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ቢሰዱ ጣታቸው እርጥበት አገኘ። ሻጩ ዝናብ እንደነካው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ማታለልንም አጥብቀው አወገዙ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለዕቃው ጉድለት ኃላፊ የሚሆንበትን ሥርዓት ይዟል፤ ገዢው ግን ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ማስታወቅ ይጠበቅበታል።

የተደበቀ እርጥብ እህል ኪስ ይጎዳል። የተደበቀ የፍሬን ብልሽት ግን ግራካሱ ላይ የማያውቁትን ቤተሰብ ይቀጥፋል። ስለዚህ ስትገዙ ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት ሁሉ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከዋጋውም ለፍሬን፣ ለጎማና ለፍሬን ዘይት የሚሆን አስቀሩ። ለኢድ ባይደርስም ለአረፋ ይደርሳል። ነገ በተራችሁ ስትሸጡም ያችኑ ወረቀት፣ እናንተ ያገኛችሁትን ጨምራችሁ፣ ከቁልፉ ጋር ለገዢው አስረክቡ።