የመልዕክት አመላላሽ ሶፍትዌር መረጣ፡ በነጻ ይገኛል፣ በነጻ ግን አይሠራም

በትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ ትዕዛዝ የሚቀበለው፣ ሂሳብ የሚያወራርደውና ዕቃ ከመጋዘን የሚያስወጣው ፕሮግራም በተለያየ ኮምፒዩተር ላይ ለየብቻ መሥራት ከጀመረ ሰንብቷል። ችግሩ የሚታወቀው አንደኛው ሲቆም ነው። ትዕዛዝ ተቀባዩ የሂሳቡን ፕሮግራም በቀጥታ እየጠየቀ የሚሠራ ከሆነ፣ ሂሳቡ በቆመ ቁጥር ሽያጩም አብሮ ይቆማል። በመሆኑም በመካከላቸው መልዕክት ተቀብሎ የሚያቆይና የሚያደርስ ሶፍትዌር ይገባል።

በዚህ ገበያ ስማቸው ተደጋግሞ የሚነሳው ሁለት ናቸው። ራቢት ኤምኪው የወጣው እ.ኤ.አ. በ2007 ሲሆን፣ የተመሠረተበት የመልዕክት ልውውጥ ደንብ የመነጨው ከአሜሪካው ጄፒ ሞርጋን ቼዝ ባንክ ነው። ካፍካ ደግሞ ሊንክድኢን ኩባንያ ውስጥ ተሠርቶ በ2011 ለማንም ክፍት ሆኗል። ሁለቱንም ያለ ክፍያ ማግኘት ይቻላል።

ራቢት ኤምኪው በተለመደው አሠራሩ እንደ ፖስታ ሳጥን ነው፤ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ሲል መልዕክቱ ከወረፋው ይሰረዛል። ካፍካ ግን የሂሳብ መዝገብን ይመስላል። መልዕክቱ ከተነበበም በኋላ፣ ሌላ ትዕዛዝ ካልተሰጠ በስተቀር ለ7 ቀናት ይቆያል፤ ሂሳብ ክፍሉም ተቆጣጣሪውም በየራሳቸው ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰው ያነቡታል። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ይፈጥናል?» ብሎ ሳይሆን «መልዕክቱ ከተነበበ በኋላ ይፈለጋል ወይ?» ብሎ ነው።

በቀን ጥቂት ሺህ ትዕዛዝ የሚያስተናግድ ድርጅት ካፍካን መትከሉ ለአንድ ኩንታል ጤፍ ተሳቢ መኪና እንደመከራየት ነው። አስተማማኝ እንዲሆን ቢያንስ 3 ሰርቨር ይፈልጋል፤ የሚከታተለው ባለሙያ ደመወዝም አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ለብዙ አነስተኛ ድርጅቶች ባላቸው ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ሠንጠረዥ መክፈት ይበቃቸዋል።

ሻጮች ብዙም የማያነሱት ጉዳይ ድግግሞሽ ነው። ተቀባዩ ሥራውን ጨርሶ «ደርሶኛል» የሚለው ምላሽ መንገድ ላይ ከጠፋ፣ መልዕክቱ ዳግመኛ ይላካል። መልዕክቱ የ500 ብር ክፍያ ከሆነ ደንበኛው 1,000 ብር ይቆረጥበታል። መከላከያው ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ የማይደገም ቁጥር መስጠትና የሂሳቡ ፕሮግራም ያንን ቁጥር አስቀድሞ ያስተናገደው መሆን አለመሆኑን እንዲያጣራ ማድረግ ነው። ይህን አመላላሹ ሶፍትዌር አይሠራውም፤ ማን እንደሚሠራው ውሉ ላይ መስፈር አለበት።