ድምፁ ሲዘገይ ጥፋተኛው ማን ነው?

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ የሚያይ ሰው ምልክት አያጣም፤ ክቧ ትሽከረከራለች፣ መስኮቱ ይነጣል፣ የዋይፋዩ ምልክት ላይ ቃለ አጋኖ ይመጣል። ስክሪን ሪደር በሚባለው በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም የሚሠራ ዓይነ ስውር የሚደርሰው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝምታ። ዲስኩ ቢጨናነቅም፣ ድረ ገጹ ቢከብድም፣ ኔትወርኩ ቢቆራረጥም ለጆሮ ሁሉም ያው ነው። አብዛኛው ሰው ታዲያ ወዲያው ኢንተርኔቱን ይረግማል።

ስክሪን ሪደር ማያ ገጹን አያይም። ፕሮግራሞች አዝራሩንና ርዕሱን ሲስሉ፣ ጎን ለጎን «ይህ አዝራር ነው፣ ይህ ርዕስ ነው» የሚል መግለጫ ያዘጋጃሉ፤ ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው ያንን ነው። ኤንቪዲኤን የመሳሰሉት ስክሪን ሪደሮች ድረ ገጽ ሲከፈት የገጹን ይዘት ወደ ማኅደረ ትውስታ ይገለብጡና ተጠቃሚው በቀስት ቁልፎች እንዲመላለስበት ያደርጋሉ። ማስታወቂያው በየሰከንዱ የሚቀያየር ገጽ ሲገጥም ለውጡ ሁሉ መልእክት ሆኖ ይጎርፋል፤ ድምፁም ወረፋ ይጠብቃል። እንዲህ ሲሆን ኖትፓድ ከፍተው ጥቂት ቃላት ይጻፉ። እዚያ ድምፁ ቶሎ ከመለሰ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፤ የከበደው ገጹ ወይም መስመሩ ነው።

ኖትፓድም ከዘገየ ስክሪን ሪደሩን ራሱን መጠርጠር ይቻላል። ዘግተውት ዊንዶውስ፣ ኮንትሮልና ኢንተርን አንድ ላይ ሲጫኑ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ናሬተር ይነሣል። እሱ ከፈጠነ ችግሩ የቀድሞው ስክሪን ሪደር ወይም የተጨመሩበት ማከያዎች ናቸው። ጆውስ የተባለውን ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሰው በኤንቪዲኤም ማወዳደር ይችላል፤ ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ይህ ፕሮግራም እስከ ዛሬ በነፃ ይገኛል።

ብዙ ጊዜ የማይጠረጠረው ግን ጆሮ ላይ የተሰካው ነው። የብሉቱዝ ማዳመጫ ኮምፒውተሩ ጨምቆ የላከውን ድምፅ በሬዲዮ ተቀብሎ እስኪዘረጋው የሰከንድ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ሊዘገይ ይችላል። ሙዚቃ ለሚሰማ ሰው ምንም አይደለም፤ ቁልፍ በነካ ቁጥር መልስ ለሚጠብቅ ግን ኮምፒውተሩ ያረጀ ይመስለዋል። አንዳንዱ ማዳመጫ ደግሞ ድምፅ ሲቋረጥ ያንቀላፋና ሲነቃ የቃሉን መጀመሪያ ይውጠዋል። ባለ ገመድ ማዳመጫ ሰክቶ መሞከር ከማንኛውም ጥገና ይቀድማል።

ችግሩ ከማዳመጫውም ካልሆነ ኮምፒውተሩን ይመርምሩ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ሲጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል፤ ማኅደረ ትውስታውን ወይም ዲስኩን የያዘው ፕሮግራም በስሙ ይነበባል። ኮምፒውተሩ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ካለውና ከተነሣ ከብዙ ደቂቃ በኋላም ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከቆመ፣ ሌላ ላፕቶፕ ከመግዛት በፊት ዲስኩን በኤስኤስዲ መለወጥ ይሻላል። ሊረዳ የመጣ የሚያይ ወዳጅ ግን መጀመሪያ ስክሪን ሪደሩን አጥፍቶ ማውዙን ይይዛል፤ ባለቤቱም ምን እንደተነካ ሳያውቅ ይቀራል። በቁልፍ እየተነገረው ራሱ ቢሠራው ነው የሚበጀው።

ወደ ዋይፋዩ ስንመጣ፣ የሚያዩ ሰዎች የሚሸሹት ጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ለስክሪን ሪደር እጅግ ይመቻል፤ ሥዕል የለውም፣ ሁሉም ጽሑፍ ነው። «አይፒኮንፊግ» የሚለው ትእዛዝ ዲፎልት ጌትዌይ በሚለው መስመር የራውተሩን አድራሻ ይነግራል፤ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። በፒንግ ትእዛዝ መጀመሪያ ያንን አድራሻ፣ ቀጥሎ የጉግልን አድራሻ 8.8.8.8 ይጠይቁ። ዊንዶውስ ሳይታዘዝ የሚልከው 4 ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቁጥሩን ወደ 50 ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ዋይፋይ የሚቆራረጠው አልፎ አልፎ ነውና።

በጥሩ ዋይፋይ ራውተሩ ብዙውን ጊዜ ከ10 ሚሊ ሰከንድ በታች ይመልሳል። የራውተሩ ቁጥር ራሱ መቶዎች ውስጥ ከገባ ወይም መልስ ከጠፋ ጣጣው ቤት ውስጥ ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ግድግዳ በማለፍ ይሻላል፤ ነገር ግን የጎረቤት ዋይፋይ፣ ማይክሮዌቭና ያ የብሉቱዝ ማዳመጫ ሁሉም እዚያው ይጋፋሉ። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣንና ገላጣ ነው፤ የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ግን ቶሎ ያደክመዋል። ራውተሩ ያለበት ክፍል ውስጥ የሚሠራ ሰው 5ን ይምረጥ።

ራውተሩ ቶሎ እየመለሰ 8.8.8.8 ከዘገየ ግን ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ያን ጊዜ አገልግሎት ሰጪዎ ጋ ደውለው «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ከማለት ሁለቱን ቁጥሮች ይንገሯቸው፤ ራውተሩን አጥፍተው እንዲያበሩት ብቻ መክረው ስልኩን መዝጋት ይቸግራቸዋል።