ዓይን ላይ የፈሰሰ ደም፦ ተረቱና እውነታው

መርካቶ ውስጥ የአንድ ሰው የዓይን ነጭ በድንገት ደም ለብሶ ሲታይ ፍርዱ ወዲያው ይሰጣል፦ ምች ነው፣ ቡዳ ነው፣ ደም ብዛት ነው። ባለቤቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው እስኪነግረው ወይም መስታወት እስኪያይ ድረስ ምንም አልተሰማውም።

የዓይንን ነጭ የሚሸፍን ስስ ሽፋን አለ፤ በሥሩ እንደ ክር የቀጠኑ የደም ሥሮች ይተላለፋሉ። አንዱ ሲበጠስ ደሙ መውጫ ስለሌለው እዚያው ይነጠፋል፤ ጥቂቱ ብዙ ቦታ ያቀላል። ለዚህ ኃይለኛ ሳል፣ ማስነጠስ፣ ማስታወክ፣ ሆድ ደርቆ ማማጥ ወይም ትንፋሽ ይዞ ከባድ ነገር ማንሳት ይበቃል። በርበሬ ተራ ስታስነጥስና ዓይኗን ስታሽ የምትውል ሴት፣ ጆንያ ተሸክሞ ደረጃ የሚወጣ ወዛደር፣ ቡዳ ሳይነካቸው ይህ ሊደርስባቸው ይችላል።

“ደም ብዛት ነው” የሚለው ግማሽ እውነት ነው። የደም ግፊትና ስኳር ከመንስኤዎቹ መካከል ናቸው፤ ግፊታቸው ጤነኛ የሆኑ ሰዎችም ግን ዓይናቸው ይደማል። ስለዚህ ከመገመት መለካት፤ በተደጋጋሚ ሲለካ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ክትትል ያስፈልጋል። ደም የሚያቀጥኑት አስፕሪንና ዋርፋሪንም ያጋልጣሉ፤ ቢሆንም ሐኪም ሳያማክሩ ማቋረጥ ከዓይኑ መቅላት የባሰ አደጋ አለው።

“ደሙ ወደ ውስጥ ገብቶ ያሳውራል” የሚሉም አሉ። አይገባም። በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ሊሰፋ ይችላል፤ ከዚያ ወደ ቢጫ እየተለወጠ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይጠፋል። ሰውም ላይ አይጋባም፤ የሚጋባው ዓይናር የሚያበዛው የዓይን ማዝ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ መድኃኒት ተብሎ የሚጨመረው ነው። የጡት ወተትና የቅጠል ጭማቂ ጀርም ሊያስገቡ ይችላሉ። ከጎረቤት የተረፈው ጠብታ ደግሞ ዴክሳሜታሶን ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ይህ መድኃኒት ሲደጋገም የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ የማይመለስ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የፈሰሰው ደም ቶሎ እንዲጠፋ የሚያደርግ ጠብታ የለም።

አሁን ብረት ወደሚቀጠቀጥበት ምናለሽ ተራ እንሂድ፤ ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ብረት ሲቀጠቀጥ የሚፈናጠር ስባሪ ዓይንን በስቶ ሊገባ ይችላል፤ ሕመሙ ቀላል፣ መቅላቱም ትንሽ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ቀዳዳውን የሚሸፍነው ራሱ ደሙ ነው። “መቅላት ብቻ ነው፣ ያልፋል” ብሎ ሥራ መቀጠል ዓይን ያሳጣል። ዓይኑ ከተመታ፣ ካመመ፣ እይታ ከደበዘዘ ወይም ብርሃን ከረበሸው አይታሽ፣ አይጫን፣ ምንም አይጨመርበት። የወረቀት ኩባያ ቂጥ ቆርጦ ዓይኑን ሳይነካ በመሸፈን በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ወዳለበት፣ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መሄድ ነው። እዚያም ሲደርስ ብረት ሲቀጠቅጥ እንደነበር አስቀድሞ ይናገር፤ ስባሪ ውስጥ መቅረቱን በራጅ ወይም በሲቲ ስካን የሚፈልጉት ይህን ሲሰሙ ነው።