ሉፐስ፦ ሕመም፣ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት

በዛሬው ዝግጅታችን ሉፐስ የተባለው በሽታ የታማሚዋን እንቅልፍና የዕለት ኑሮ እንዴት እንደሚያውክ እንመለከታለን።

ሉፐስ ሰውነትን ከጀርም ሊከላከል የሚገባው ኃይል ተሳስቶ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሕመም ነው። መገጣጠሚያን፣ ቆዳን፣ ኩላሊትንና ሌሎች የአካል ክፍሎችን ይጎዳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ገደማ ሴቶች ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም በወሊድ ዕድሜ ነው። እንግዲህ የምትታመመው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን የተሸከመችው እናት ወይም እህት ናት ማለት ነው።

ጣቶቿና ጉልበቷ ሲቆረጥማት ያድራል። እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ደግሞ ሕመምን የመቻል አቅሙ ስለሚቀንስ በማግስቱ ቁርጥማቱ ይብስባታል። ድካሙ ሲደራረብ ሥራዋ ይጓደላል፤ ያኔ ድብርት ይመጣል። ድብርቱም በተራው እንቅልፍ ይነሳታል። ይህ የኢማን መድከም ወይም ስንፍና ሳይሆን የበሽታው አንድ ገጽታ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ እንቅልፍ ማጣቱንና ድብርቱን ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ሕክምና አላቸው። ፕሬድኒሶሎን የተባለው መድኃኒት ራሱ እንቅልፍ ሊነሳና ስሜትን ሊለዋውጥ ስለሚችል፣ በቀን አንዴ የታዘዘላት ጠዋት ብትወስደው ይመረጣል። በድንገት ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው። የሕመም ማስታገሻም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማዘውተር ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። የረመዷን ጾምን በተመለከተ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር፤ ለታመመ ሰው ማፍጠር በዲናችን የተፈቀደ ነው።

የቤተሰብ ድርሻም ቀላል አይደለም። በሽታው አንድ ቀን ጋብ ብሎ በሌላው ቀን ይነሳል። ስለዚህ «ትናንት ደህና አልነበርሽም እንዴ?» ብለን አናሳቅቃት። የፀሐይ ጨረር በሽታውን ስለሚቀሰቅስ ልብስ ማስጣቱን፣ ገበያ መሄዱን እንካፈላት። ሥራዋን እያረፈች ትሥራ፤ ስትችልም ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ታድርግ። ማታ በተወሰነ ሰዓት እንድትተኛ ቤቱን ጸጥ እናድርግላት። ሕይወቷን የመጥላት ስሜት ከታየባት፣ እግሯ ካበጠ፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ትኩሳት ከያዛት ሳንዘገይ ወደ ሕክምና እንውሰዳት።

ለታመሙት ሁሉ አላህ ዓፊያውን ይስጥልን። አሚን።