በሐሳብ የሚታዘዝ የሮቦት ክንድ

የዛሬው ርዕሳችን ሲሰሙት ተረት ይመስላል፤ ግን በእውን የሆነ ነገር ነው። ወ/ሮ ካቲ ሃቺንሰን የተባሉ አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1996 ስትሮክ መቷቸው እጅና እግራቸው አልታዘዝ አለ፤ መናገርም ተሳናቸው። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን በአንጎላቸው ብቻ የሮቦት ክንድ አዝዘው፣ ቡና ያለበትን ጠርሙስ አስነስተው፣ ወደ አፋቸው አስጠግተው በስትሮ ጠጡ። ያለ ሌላ ሰው እርዳታ ሲጠጡ ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ የመጀመሪያቸው ነበር። ይህ ምን አለው የሚል ካለ፣ ውሃ በሰው እጅ ጠጥቶ አያውቅም ማለት ነው።

ነገሩ እንዴት ሆነ? እጅን የሚያዘው የአንጎላቸው ክፍል ደህና ነበር። የተቋረጠው ትእዛዙ ወደ ጡንቻ የሚወርድበት መንገድ ነው፤ ልክ ስልኩ ደህና ሆኖ መስመሩ እንደሚቆረጠው። ብሬንጌት የሚባለው የምርምር ቡድን ጎኑ 4 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ከሽምብራ ፍሬ የሚያንስ ዕቃ በዚያ የአንጎል ክፍል ላይ በቀዶ ሕክምና አስተከለላቸው። ዕቃው 96 ቀጫጭን ኤሌክትሮዶች አሉት፤ የነርቭ ሕዋሶችን የኤሌክትሪክ ትርታ ሰብስቦ በሽቦ ለኮምፒውተር ያደርሳል።

ታዲያ በትርታው ውስጥ «ወደ ቀኝ» የሚል ቃል የለም። አንዱ ሕዋስ ወደ ቀኝ ሲታሰብ ይፈጥናል፣ ሌላው ወደ ግራ ሲታሰብ። የትኛው የየትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሌለ ኮምፒውተሩ ራሱ መማር አለበት። በመጀመሪያ ክንዱ በራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ወ/ሮ ካቲ እያዩ «እኔ ነኝ የማንቀሳቅሰው» ብለው ያስባሉ። ኮምፒውተሩ እንቅስቃሴውንና ትርታውን ጎን ለጎን መዝግቦ ዝምድናቸውን በሂሳብ ይፈልጋል። ከዚያ ትርታውን ብቻ አይቶ የታሰበውን ይገምታል። ማሽን ለርኒንግ የሚባለው ይኸው ነው፤ ደንቡን ሰው አይጽፍለትም፣ ከምሳሌ ያወጣዋል።

ኮምፒውተር ባይኖርም በክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። 4 ተማሪዎች «ሕዋስ» ይሁኑ፤ ለእያንዳንዳቸው ቀኝ፣ ግራ፣ ፊት ወይም ኋላ በምስጢር ይስጧቸው። አቅጣጫ የተጻፈበት ወረቀት ሲያሳዩዋቸው የራሱ የሆነው ቶሎ ቶሎ፣ ሌሎቹ ቀስ እያሉ ያጨብጭቡ። «ኮምፒውተር» የሆነው ተማሪ ጀርባውን ሰጥቶ 10 ጊዜ ያህል መልሱ እየተነገረው ያዳምጥ፤ ቀጥሎ ሳይነገረው ይገምት። ሲለምደው ሁለቱ ሕዋሶች በዝምታ አቅጣጫ ይቀያየሩ። ግምቱ ይበላሻል! በእውነተኛው መሣሪያም ትርታው ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስተማር ያስፈልጋል።

ተማሪዎች «ሐሳባችንን ሁሉ ያነባል ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። አያነብም፤ የተማረው የእጅ እንቅስቃሴን ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ይስታል፤ ወ/ሮ ካቲ ቡናውን ለመጠጣት 6 ጊዜ ሞክረው የተሳካላቸው 4 ጊዜ ነው። ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ራስ ላይ በሚጠለቅ ቆብ የሚሠራም አለ፤ ግን ምልክቱ የራስ ቅልን አልፎ ስለሚመጣ ይደበዝዛል፣ የጎረቤት ክፍልን ትምህርት በግድግዳ በኩል እንደማዳመጥ።

ጨዋታውን የሞከራችሁ መምህራን፣ «ኮምፒውተሩ» በስንተኛው ዙር በትክክል መገመት እንደጀመረ ጽፋችሁ ላኩልን።