ፈቃደ እግዚአብሔር በዕለት ኑሮ

ካቶሊካዊ ምእመን «አባታችን ሆይ» ባለ ቁጥር ፈቃደ እግዚአብሔር እንዲፈጸም ይለምናል፤ ነገር ግን ያ ፈቃድ በመከራ ተሸፍኖ ሲመጣ አውቆ መቀበል እጅግ ጭንቅ መሆኑን ከአባ ዋልተር ቺሼክ ሕይወት ይልቅ አጥርቶ የሚያስረዳ ምስክር አላገኘሁም።

እኒህ በፔንሲልቫኒያ ተወልደው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን የሆኑ አባት፣ ምእመናንን ሊያገለግሉ ወደ ሶቭየት ኅብረት በስውር ገብተው ሳለ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 የቫቲካን ሰላይ ናቸው ተብለው ተያዙ። በሞስኮው የሉቢያንካ ወኅኒ ለብቻቸው ተዘግተው ሲሠቃዩ፣ በገዛ ብርታታቸው ይታመኑ ነበርና፣ ዛቻው ሲበረታባቸው መርማሪዎቹ ባቀረቡላቸው ጽሑፍ ላይ ፈረሙ። እንደ እኔ አስተያየት የታሪካቸው እምብርት ይህ ውድቀት ነው፤ ትምክሕታቸው በኀፍረት ፈርሶ ባዶ በቀሩበት ጊዜ፣ ፈቃደ እግዚአብሔር በሩቅ የሚፈለግ ስውር ምሥጢር ሳይሆን፣ ዕለቲቱ ይዛው የምትመጣው ሰው፣ ሥፍራና ሥራ ራሱ መሆኑን አስተዋሉ።

ስለዚህ ኋላ በተጋዙበት፣ በሰሜናዊ ሳይቤሪያ በሚገኘው የኖሪልስክ የግዞት ሠፈር፣ ከባዱን ሥራ ከእግዚአብሔር እጅ እንደ ተቀበሉት አገልግሎት ቈጥረው ሠሩ፤ ከዘቢብ በተዘጋጀ ጥቂት ወይንም ለእስረኞቹ በስውር ቀደሱ።

መቀበል ግን ለክፋት መታዘዝ አይደለም፤ ሕመምተኛ መድኃኒት ይሻል፣ የተበደለም ፍትሕ ይጠይቃል። እኚሁ አባት ለመርማሪዎቻቸው ሰላይ እንዲሆኑ በተጠየቁ ጊዜ፣ ሞትን ሳይፈሩ እንቢ አሉ። በመጨረሻም በ1963 በእስረኞች ልውውጥ ወደ አገራቸው ተመለሱ።